ባልጩትን በመፈንቀያ መጥረብ

ባልጩትንና መስተዋትን በመፈንቀያ ግፊት ጠርቦ ስለት ለማውጣት የሚያገለግለው ቀላል የእንጨት መሣሪያ፣ የጥንቱን የድንጋይ ጥበብ በእጃቸው ሠርተው ለመረዳት የሚፈልጉ ሰዎች በየቤታቸው ከተገኘው ነገር አበጅተው የሚጠቀሙበት ነው። መሣሪያው በመሠረቱ የሚጠረበውን ድንጋይ ሳይነቃነቅ የሚይዝ አልጋ፣ መዳብ የተተከለበት ረጅም ክንድ እና ክንዱ የሚዞርበት መደገፊያ ያሉት ሲሆን፣ ጥቅሙ ግን ከትርፍ ጊዜ ማሳለፊያነት እጅግ ያልፋል። የሰው ልጅ ድንጋይ የሚሰብረውን ኃይል እየለካና አቅጣጫ እየሰጠ መምራትን እንዴት እንደ ተማረ በዓይን የሚያሳይ በመሆኑ፣ ከሁለት ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆየ የድንጋይ መሣሪያ ቅርስ ላላት ኢትዮጵያ፣ በተለይም ዋሻዎቻቸውና ገደሎቻቸው ገና ብዙ ምርምር ለሚጠብቃቸው ለደቡብ ጎንደር የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ደጋዎች ቅርብ ጉዳይ ነው።

ሥራውን ለመረዳት አስቀድሞ ድንጋዩን መረዳት ያስፈልጋል። ባልጩት የሚባለው ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ድንጋይ፣ ከመቶ ሰባ እጅ ወይም ከዚያ በላይ ሲሊካ የያዘ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ ዐለት ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ ሳያገኝ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር የተፈጥሮ መስተዋት ነው። ሲሊካ ማለት የአሸዋም፣ የመስኮት መስተዋትም፣ የጠርሙስም ዋና ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ባልጩትና ጠርሙስ በአሰባበራቸው የሚመሳሰሉት በዚህ ምክንያት ነው። በሁለቱም ውስጥ ስንጥቅን ወደ አንድ ወገን የሚስብ የክሪስታል ሥርዓት ስለሌለ፣ ስብራቱ ኃይሉ በመራው መንገድ ይሄዳል፤ የተሰበረውም ገጽ እንደ ዛጎል ጎበጥ ብሎና ለስልሶ ይታያል። ጠጠር የመታው የመስኮት መስተዋት ከጀርባው በኩል በሾጣጣ ቅርጽ ተፈንቅሎ የሚገኘው ከዚሁ ጠባይ የተነሣ ሲሆን፣ ድንጋይ ጠራቢው የሚያደርገው የዚህን ሾጣጣ አንድ ጎን ብቻ ከድንጋዩ ጠርዝ ላይ ማስኬድ ነው።

ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረችው የጋይንቷ ከተማ ንፋስ መውጫ የቆመችበት ምድር፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በሰፊው ፈስሶ የኢትዮጵያን ደጋ ከሠራው ባዛልት የተገነባ ነው፤ ከ4,100 ሜትር በላይ የሚረዝመው የጉና ተራራም ከዚያ ዘግይቶ በፈነዳ እሳተ ገሞራ የተከመረ ነው። ባዛልት የሚይዘው ሲሊካ ግማሽ ያህል ብቻ በመሆኑ ባልጩት አይሆንም፤ ይሁን እንጂ ጋዝ ትቷቸው በሄደው የባዛልት ቀዳዳዎች ውስጥ ውኃ ያሰረገው ሲሊካ ሲጠራቀም ካልሴዶኒና አጌት የሚባሉት ጠንካራና ልሙጥ ድንጋዮች ይፈጠራሉ፤ እነዚህም እንደ ባልጩት ይጠረባሉ። ከጋይንት በስተምሥራቅ በደላንታ፣ በወገልጤና አካባቢ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2008 ወዲህ ዝናው ዓለምን ያዳረሰው ኦፓልም ውኃ ያዘለ ሲሊካ በመሆኑ የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው፤ ነገር ግን ውድነቱ ቀርቶ በቀላሉ የሚሰነጠቅ መሆኑ ብቻውን ለስለት ሥራ የማይመች ያደርገዋል። እውነተኛው ባልጩት በብዛት የሚገኘው በስምጥ ሸለቆውና በዳርቻዎቹ ነው።

ድንጋይ የመጥረብ ጥበብ ሁለት ዋና መንገዶች አሉት። የመጀመሪያው ምት ነው፤ ጠራቢው በሌላ ድንጋይ፣ በአጥንት ወይም በብረት የድንጋዩን ጠርዝ እየመታ ፍላጭ ያወጣል። ሁለተኛው ግፊት ሲሆን፣ ሹል ጫፍ ጠርዙ ላይ ተደግፎ ሳይመታ እየተጫነ ይሄድና ኃይሉ ከድንጋዩ ጥንካሬ ሲበልጥ ፍላጩ በድንገት ተለይቶ ይወጣል። በምት ሥራ ላይ ቦታውን፣ ማዕዘኑንና ኃይሉን በአንዲት ቅጽበት ማስተካከል ግድ ስለሆነ ዓመታት የሚወስድ ልምምድ ይጠይቃል፤ በግፊት ሥራ ላይ ግን ጠራቢው ጫፉን ካሳረፈ በኋላ ለማሰብ፣ ማዕዘኑን ለማረምና ለመጫን ጊዜ አለው። ጉድለቱ የጉልበት ማነስ ነው። በእጅ ብቻ የሚጫን ሰው ትናንሽና ቀጫጭን ፍላጮች ያወጣል፤ እጁና ክርኑም ቶሎ ይደክማሉ። መፈንቀያው የገባው ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው።

መሣሪያውን ለማበጀት የሚያስፈልገው ነገር በማንኛውም የወረዳ ከተማ ገበያ ሊገኝ ይችላል። ወፍራም ሳንቃ መሠረት ይሆናል፤ በላዩ ላይ ሁለት አጫጭር ቋሚዎች ጎን ለጎን ይተከሉና በመካከላቸው አንድ ቡሎን ተሻግሮ በዳዶ ይጠብቃል። ክንዱ በዚህ ቡሎን ላይ እንዲዞር ሆኖ ይገባል፤ ለክንዱ ከባሕር ዛፍ ይልቅ የማይታጠፍና የማይሰነጠቅ የወይራ እንጨት ይመረጣል። ከቡሎኑ ጥቂት ዝቅ ብሎ በክንዱ ውስጥ ቀዳዳ ይበሳና ወፍራም የመዳብ ሽቦ ቁራጭ ይተከልበታል፤ የሽቦው ጫፍም በሞረድ ይሾላል። ድንጋዩ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ አልጋ ከእንጨት ይፈለፈላል ወይም አሮጌ ሞርሳ ቦታውን ይይዛል፤ በድንጋዩና በእንጨቱ መካከል ግን የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ወይም ወፍራም ቆዳ መነጠፍ አለበት፤ ምክንያቱም በጠንካራ ነገር የተጣበቀ መስተዋት ጭነቱ ሲበዛበት ካልታሰበው ቦታ ለሁለት ይከፈላል። መዳብ የሚመረጥበትም ምክንያት አለ፤ ከመስተዋት ስለሚለሰልስ ጠርዙ ጥቂት ይሰረጉድበታል፣ ስለዚህ አይንሸራተትም፤ የደነደነ ብረት ግን ጠርዙን ያደቀዋል ወይም ይስታል።

የመፈንቀያው ሕግ በትምህርት ቤት የሚታወቀው ነው፤ ኃይል በርቀት ሲባዛ በሁለቱም ወገን እኩል ይሆናል። ከቡሎኑ እስከ መዳቡ 6 ሴንቲ ሜትር፣ ከቡሎኑ እስከ እጅ 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ 20 ኪሎ ግራም ያህል የሚጫን እጅ በመዳቡ ጫፍ ላይ 200 ኪሎ ግራም ያህል ግፊት ያሳርፋል። ብዙዎች የሚያስተውሉት ይህን የጉልበት ብዜት ብቻ ነው፤ ይሁንና ከዚህ የማያንስ ሌላ ጥቅም በዚያው ስሌት ውስጥ ይገኛል። እጅ በ1 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ የመዳቡ ጫፍ የሚጓዘው 1 ሚሊ ሜትር ብቻ በመሆኑ፣ መፈንቀያው የእጅን መንቀጥቀጥ በአሥር እጥፍ ይቀንሰዋል። ጉልበቱ የደከመ አረጋዊም ሆነ ገና የሚማር ወጣት ለዓመታት የሠለጠነ እጅ የሚያስፈልገውን እርጋታ ከመሣሪያው ይዋሳል።

መሣሪያው የማይሰጠው ነገር ግን አለ፤ የሙያው ልብ ያለውም እዚያ ነው። ፍላጩ የሚወጣበት ዋና ድንጋይ፣ እዚህ እናት ድንጋይ የሚባለው፣ በትክክል ካልተዘጋጀ የትኛውም ግፊት አያድነውም። መዳቡ የሚያርፍበት ወለልና ፍላጩ የሚወርድበት ፊት የሚሠሩት ማዕዘን ከ90 ዲግሪ ማነስ አለበት፤ ከዚያ ከበለጠ ስንጥቁ ወደ ድንጋዩ ሆድ ገብቶ ይሰወራል። ቀጭኑ ጠርዝ በሻካራ ድንጋይ ታሽቶ ካልደነደነ ጫፉ ሲጫነው ተፈርፍሮ ያልቃል። ኃይሉ ደግሞ ከፍታ ያለውን መስመር ተከትሎ ስለሚወርድ፣ በድንጋዩ ፊት ላይ ቀጥ ያለ ሸንተረር አስቀድሞ መውጣት አለበት፤ የመጀመሪያው ፍላጭ በግራና በቀኙ ሁለት አዳዲስ ሸንተረሮች ትቶ ይሄዳል፣ ቀጣዮቹም እነርሱን እየተከተሉ ይወጣሉ። ርዝመቱ ከስፋቱ ቢያንስ ሁለት እጥፍ የሆነና ጎኖቹ ትይዩ የሆኑ ፍላጭ በዚህ ጽሑፍ ስለት የሚባለው ነው፤ አንድ በሚገባ የተዘጋጀ እናት ድንጋይ ስለት ከስለት እየተከታተለ በዙሪያው ሲወጣ፣ ብክነቱ እጅግ ጥቂት ይሆናል። ጭነቱ ወደ ድንጋዩ ውስጥ ብቻ ከሆነ ፍላጩ ሳይጨርስ ይቆረጣል፤ ወደ ውጭ ብቻ ከሆነ ጠርዙ ይላጣል። ስለዚህ ሠሪው አስቀድሞ ወደ ውስጥ ይጫናል፣ መሣሪያው ሲወጠር ደግሞ ጥቂት ወደ ታችና ወደ ውጭ ያዘነብላል፤ ስለቱ የሚለየው በዚህች ሁለተኛ እንቅስቃሴ ነው።

በመፈንቀያ መጠቀም እውነተኛውን ጥበብ ማጭበርበር ነው የሚል ክርክር አንዳንድ ጊዜ ይነሣል፤ ታሪኩ ግን ይህን አይደግፍም። በቡልጋሪያ በጥቁር ባሕር ዳር በቫርና በተገኘው የመቃብር ስፍራ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4500 ዓመት ገደማ ከኖሩ ሰዎች ጋር ከተቀበሩት ወርቆች ጎን፣ እስከ 40 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚደርሱ የድንጋይ ስለቶች ተገኝተዋል። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ዣክ ፔለግረን እንዲህ ያሉትን ስለቶች ራሱ ሠርቶ ለመድገም ባደረገው ረጅም ሙከራ፣ በእጅ፣ በትከሻ፣ በሆድና ቆሞ በደረት የሚጫኑትን መሣሪያዎች በየተራ ፈትኖ፣ ትልልቆቹን ስለቶች ለማውጣት የሰውነት ክብደት እንደማይበቃና መፈንቀያ እንደሚያስፈልግ አሳይቷል። አሜሪካዊው ዶን ክራብትሪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ባሳተመው ጥናት፣ የሜክሲኮ ጥንታውያን ሕዝቦች የባልጩት ስለት በግፊት ያወጡበትን መንገድ በራሱ ሥራ ፈትኖ ገልጿል። ስለዚህ በሳንቃና በቡሎን የተሠራው የዛሬው መሣሪያ አዲስ የሆነው በዕቃው እንጂ በሐሳቡ አይደለም።

የኢትዮጵያ የድንጋይ ሥራ ታሪክ ከዚህ ሁሉ እጅግ ይቀድማል። በአፋር በጎና ኢትዮጵያዊው አርኪዎሎጂስት ስለሺ ሰማው ከባልደረቦቹ ጋር ያጠናቸውና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ይፋ የሆኑት ፍላጮች 2.5 ሚሊዮን ዓመት የሚያህል ዕድሜ አላቸው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በአዋሽ ወንዝ ዳር በመልካ ቁንጡሬ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በፊት ባልጩት በብዛት ይጠረብ ነበር፤ ስፍራው በአጠገቡ ካለው ባልጪት ከተባለ የባልጩት ምንጭ ጋር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዝዋይ ሐይቅ አቅራቢያ በገደሞታ የተገኙትን ሹል ባልጩቶች ዮናታን ሣህሌና ባልደረቦቹ መርምረው፣ ከ279,000 ዓመት በፊት ተወርዋሪ ጦር ላይ የተተከሉ እንደ ነበሩ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 አቅርበዋል። በአማራ ክልል በመተማ በሽንፋ ወንዝ ዳርም ከ74,000 ዓመት በፊት የኖሩ አዳኞች የተዉአቸው ትናንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ሹሎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2024 በታተመ ጥናት ተገልጸዋል፤ መጠናቸው ትንሽ መሆኑም ለቀስት ያገለግሉ ነበር የሚል ግምት አሳድሯል።

ለጋይንት አንባቢ ከሁሉም የሚቀርበው ግን ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በቀድሞው በጌምድር ጠቅላይ ግዛት የተቆፈሩት የላሊበላና የናጫቢየት ዋሻዎች ጉዳይ ነው። የላሊበላ ዋሻ ሲባል የላስታው የውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከተማ አይደለም፤ ጆአን ዶምብሮውስኪ የተባለች ተመራማሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ቆፍራ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ዘገባዋን ያሳተመችበት ስፍራ ነው። በዚያ ዋሻ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ500 ዓመት ገደማ የነበሩ የገብስ፣ የሽምብራና የባቄላ ቅሪቶች፣ የቤት እንስሳት አጥንቶች፣ የሸክላ ስባሪዎችና የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ይህ ማለት የዛሬውን የደቡብ ጎንደር ገበሬ ማሳ የሚሞሉት አዝርዕት በሚዘሩበት ዘመን፣ በዚሁ አካባቢ የድንጋይ ስለት ገና ሥራ ላይ ነበረ ማለት ነው። በአክሱም በጉዲት የሐውልት ስፍራ አካባቢ በብዛት የሚገኙት ትናንሽ የድንጋይ መፋቂያዎችም የሚያስረዱት ይህንኑ ነው፤ ብረት ታወቀ ማለት ድንጋይ ተጣለ ማለት አልነበረም። ከዶምብሮውስኪ ቁፋሮ ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፈ ሲሆን፣ እነዚህ ዋሻዎች ለኢትዮጵያ እርሻ ታሪክ ካላቸው ክብደት አንጻር በአካባቢው ሰው ዘንድ ያላቸው መታወቅ እጅግ ያነሰ መሆኑ የሚያሳዝን ነው።

ጥበቡ በሙዚየም ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ በደቡብ ኢትዮጵያ በሕይወት አለ። በኮንሶ ቆዳ የሚፍቁ ሴቶች ካልሴዶኒና መሰል ድንጋዮችን ከሩቅ እየለቀሙ በብረት ምት ይጠርባሉ፤ የወጣውን መፋቂያ በእንጨት እጀታ ላይ ይተክሉና የከብት ቆዳ ያለሰልሱበታል፤ ሙያውንም ከእናቶቻቸው ይማራሉ። ድንጋይ መጥረብ የወንድ ሥራ ብቻ ነበር የሚለው የቆየ ግምት ከተናጋባቸው ምክንያቶች አንዱ የእነዚህ ሴቶች ሥራ ሲሆን፣ ካትሪን ዊድማን አርተር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ያሳተመችው ጥናት ለዚህ ይጠቀሳል። በጋሞ ሙያው የወንዶች ነው፤ በሐዲያና በጉራጌ ደግሞ ባልጩት መፋቂያ ሆኖ ያገለግል እንደ ነበር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተደረጉ ጥናቶች መዝግበዋል። በአንዳንድ ስፍራ የድንጋዩን ቦታ ብረትና የጠርሙስ ስባሪ እየወሰዱት ነው። እነዚህ ባለሙያዎች የሚሠሩት በምት እንጂ በመፈንቀያ አይደለም፤ ነገር ግን የእናት ድንጋዩን ማዕዘን፣ የጠርዙን ዝግጅትና የሸንተረሩን አቅጣጫ በተመለከተ ያላቸው እውቀት፣ በመሣሪያ የሚሠራው ሰው ከሚደርስበት በብዙ ይርቃል።

እንዲህ ያለ እውቀት የተሸከሙ ሰዎች በየማኅበረሰባቸው ዝቅ ተደርገው መታየታቸው የኢትዮጵያ ታሪክ ከባድ ጉድለት ነው። በሰሜኑም ቆዳ የሚፍቀው፣ ብረት የሚቀጠቅጠውና ሸክላ የሚሠራው ሰው በስድብና በቡዳነት ሐሜት ሲገፋ ኖሯል። ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩት፣ ያንንም ከባድ መድፍ በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ ለማድረስ ድንጋይ እያስፈነቀሉ መንገድ ያስጠረጉት፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክም በዘመናቸው ማብቂያ ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያወጡት፣ ያለ እጅ ጥበብ አገር እንደማይቆም ስለ ተረዱ ነው። አንድ ተማሪ በሳንቃና በቡሎን በተሠራ መፈንቀያ አንዲት ቀጥ ያለች ስለት ለማውጣት ምን ያህል ማሰብ እንደሚያስፈልግ በእጁ ከቀመሰ፣ ቆዳ ፋቂን የሚንቅበት ምክንያት አይኖረውም። ፊዚክስን፣ የአካባቢን ጂኦሎጂና የአገር ታሪክን በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያገናኝ ሌላ እንዲህ ርካሽ የትምህርት መሣሪያ ማግኘትም ቀላል አይደለም።

ሥራው ግን አደጋ አለው፤ ይህ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። አዲስ የተሰበረ ባልጩት ከምላጭ ይሰላል፤ ጠርዙ ቆዳን ሳይሰማ ይከፍላል። ዓይን በመከላከያ መነጽር፣ እጅ በወፍራም ቆዳ፣ ጭን በቆዳ ምንጣፍ መሸፈን አለባቸው፤ ልጆችም ያለ አዋቂ ክትትል ሊሠሩ አይገባም። ከሁሉ የከፋው የማይታየው አቧራ ነው፤ የሲሊካ ብናኝ ለረጅም ጊዜ ሲተነፈስ ሲሊኮሲስ የሚባለውን የማይድን የሳንባ ጠባሳ ያመጣል፤ ስለዚህ ሥራው በተዘጋ ቤት ውስጥ ሳይሆን ነፋስ በሚገባበት ደጅ መሠራት፣ አፍና አፍንጫም በጭምብል መሸፈን፣ ጠርዝ በሚታሽበት ጊዜ ድንጋዩን ማርጠብ፣ ወለሉንም ከመጥረግ በፊት ውኃ መርጨት ያስፈልጋል። የደቡብ ኢትዮጵያ ቆዳ ፋቂዎች ፍላጮቻቸውን ሰብስበው ባዶ እግሩን የሚሄድ ሰው በማይደርስበት ስፍራ መጣላቸው ለማንም ጀማሪ የሚበቃ ምሳሌ ነው።

ሌላው ጥንቃቄ ቅርስን ይመለከታል። ዛሬ የተጠረበ ስለት ነገ በማሳ ላይ ቢገኝ ተመራማሪን ሊያሳስት ስለሚችል፣ ሠሪው በእያንዳንዱ ሥራው ላይ ዓመተ ምሕረቱን በማይለቅ ቀለም ቢጽፍና ስባሪዎቹን ከጠርሙስ ክዳን ወይም ከሳንቲም ጋር ቢቀብር መልካም ነው። ለልምምድ ጠርሙስና የመስኮት ስባሪ ስለሚበቃ ጥንታዊ ፍላጭ አንሥቶ እንደገና መጥረብ ፈጽሞ አይገባም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግና መቆፈር ክልክል ሲሆን፣ በድንገት ቅርስ ያገኘ ሰውም ሳይነካካ ጠብቆ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። በጋይንት፣ በስማዳም ሆነ በእስቴ በእርሻው፣ በጎርፍ በተሸረሸረ ገደል ወይም በዋሻ ደጃፍ፣ ሆን ተብሎ የተጠረበ የሚመስል ድንጋይ ያየ አንባቢ ካለበት ሳያነሣ ቦታውን በሚገባ ያስተውል፣ ቢችል ፎቶግራፍ ያንሣ፣ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትም ያሳውቅ።